የጎማዋ ልክ በሯ ላይ ተጽፏል

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ታርማበር ላይ ዋናውን የደሴ መንገድ ትተን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ነው። ልጄ መሪውን አጥብቆ ባዞረ ቁጥር ከፊት ጎማ በኩል «ፍርርር» የሚል፣ ላስቲክ በሞረድ የሚፋቅ የሚመስል ድምፅ ይመጣል፤ መሪው ሲቃና ይጠፋል።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ምንም አይደለም እማዬ፣ ጭነት በዝቶባት ነው» አለኝ።

ሠላሳ አምስት ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነበር። በሥራ ዘመኔ «ምንም አይደለም» የሚል በሽተኛ ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራኝ ነበርና ዝም ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

የጭነቱ ነገርስ እውነት ነው። ጊዜው 2012 ዓ.ም. ጥር ነው። የታላቅ እህቴን ተዝካር ለማውጣት ወደ መሐል ሜዳ እየሄድን ነበር። ባለቤቴ ከፊት ተቀምጧል፤ እኔና ምራቴ የልጅ ልጄን መሐል አድርገን ከኋላ ነን፤ ዕቃ መጫኛው ደግሞ በጤፍ ዱቄት፣ በስኳርና በቡና ጢም ብሏል። መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ እንደ ብዙዎቹ ከጃፓን መጥታ መሪዋ የዞረ፣ ልጄ ሲገዛት ቢያንስ ሁለት ባለቤት ያየች አሮጌ። ሞላሌን ስናልፍ ድምፁ መሪው ቀጥ ባለበትም፣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ይሰማ ጀመር። ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ያኔ ልጄም «ምንም አይደለም» ማለቱን ተወ።

መሐል ሜዳ እንደደረስን የመጀመሪያው ሥራችን ጎሚስታ መፈለግ ሆነ። ያገኘነው ሃያ አምስት ዓመት እንኳ የማይሞላው ወጣት ነው። ጋቢ ተከናንቦ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ፀሐይ ይሞቃል። የመንዝን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጁን የወደድኩት በአንድ ነገር ነው። እኛ ሁላችን ጎማው ላይ ስናፈጥ እሱ ጎማውን ሳይነካ የሾፌሩን በር ከፈተ። በሩ በሚገጥምበት ብረት ላይ የተለጠፈች፣ የጃፓን ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ወረቀት በእጁ ጠራርጎ አነበበ። ጽሑፉን አይደለም፤ ቁጥሩን። «165/70 አር 14» ይላል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን አየ። «185/70 አር 14»።

«ማዘር፣ የዚች መኪና የጫማ ቁጥሯ 37 ነው፤ እናንተ 40 አልብሳችኋታል» አለኝ።

ልጄ አልተዋጠለትም። «ቸርኬው እኮ ያው 14 ነው፤ በልኩ ነው የገባው» አለ። ጎሚስታው ሳቀ። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው መሰል።

ጎማው ቸርኬው ላይ መግባቱ ልኩ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩን አብረን እናንብበው። 165 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊሜትር። 70ው ግን ሚሊሜትር አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የጎማው ጎን፣ ማለትም ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ድረስ ያለው ቁመት፣ የወርዱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 70ው ሳይለወጥ ወርዱ ብቻ ቢጨምር ጎማው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ያድጋል። «አር» ራዲያል የሚባለውን አሠራር ያመለክታል። 14 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች ደግሞ 25.4 ሚሊሜትር።

እኔ የሰው ወሬ ብቻ ሰምቼ አላምንም፤ የመድኃኒት መጠን በክብደት ሳሰላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስልኬን አውጥቼ ደመርኩ። የ165 ሰባ በመቶው 115.5 ነው። ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ፣ 231። ቸርኬው 355.6። ድምሩ 586.6 ሚሊሜትር፤ የመኪናዋ ትክክለኛ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይህን ያህል ነው። ልጄ የገዛው ደግሞ በዚያው ስሌት 614.6 ሆነ። የ28 ሚሊሜትር ልዩነት፤ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ። የሙያው ሰዎች አማራጭ ልክ ሲፈልጉ ከ3 በመቶ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ።

ልጄ ይህን ጎማ የገዛው ሞኝ ሆኖ አይደለም። አዲስ አበባ ጎማ ሊገዛ ሲሄድ «ቤተሰቦቼ መንዝ ናቸው፣ መንገዱ ድንጋይ ነው» ብሎ ነገራቸው። «እንግዲያው ትንሽ ከፍ ትበልልህ» አሉት፤ እሱም ደስ አለው። ሒሳቡ ግን ደስ አይልም። ጎማው በ28 ሚሊሜትር ቢያድግ መኪናዋን ከመሬት የሚያነሳት ከመሐል እስከ ታች ያለው ግማሹ ብቻ ነው፤ 14 ሚሊሜትር። ከአንድ ጣት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። የመንዝ ድንጋይ ለአንድ ጣት ግድ የለውም። በዚች ጣት ምትክ የተከፈለው ግን ብዙ ነው። መኪናዋ ባዶ ስትሆን ጎማው ከፓራፋንጎው ለጥቂት ይተርፋል፤ ሰው ሲሞላባትና ሞላዋ ሲረግብ ይነካል። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን ሲነዳት ስድስት ወር ሙሉ ምንም ያልሰማው ለዚህ ነው። ፍጥነት ቆጣሪዋም ትታለላለች፤ ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ቆጣሪው ልክ ነው እንኳ ብንል 100 ሲያሳይ መኪናዋ ወደ 105 እየሄደች ነው።

አቀበቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ትልቅ ጎማ ማለት ሁሉንም ማርሽ ከፍ አድርጎ እንደመንዳት ነው፤ ሞተሩ ይደክማል። መሐል ሜዳ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ከቆላ የመጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ እንደሚያለከልከው ትንሿ የቪትዝ ሞተርም ታለከልካለች። ልጄ «መንዝ ስንገባ ጉልበቷ ይጠፋል» እያለ ሻማና ነዳጅ ማጣሪያ ያስቀይር ነበር። ከፍታውን ልናወርደው አንችልም፤ ጎማውን ግን ራሳችን ነን የጨመርንባት።

«የበለጠ ይሸከማል እኮ!» አለ ልጄ በመጨረሻ። በዚህ እንኳ ልክ ነው። ከልኩ ቀጥሎ የምትጻፈው ቁጥር አንድ ጎማ የሚችለውን ክብደት ትናገራለች። 81 ማለት 462 ኪሎ፣ 88 ማለት 560 ኪሎ ነው። የእሱ ጎማ 88 ነበር። ግን ጎማው ቢችል ሞላውና ፍሬኑ ያው የድሮው ናቸው። አደገኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መኪናው ከሚጠይቀው ያነሰ መግዛት። ሕዝብ የሚጭኑ ሚኒባሶች ከልኩ መጨረሻ «ሲ» የሚል ፊደል ያለበትን የጭነት ጎማ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ከቁጥሯ ቀጥላ ያለችው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ናት፤ ኤስ 180፣ ቲ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት። መንዝ ውስጥ ይህን የሚነዳ ባይኖርም በሩ ላይ ካለው አታውርዱ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ልበል። ተማሪ ሳለን መርፌ ከመያዛችን በፊት ያስያዙን ነገር ነበር፦ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። አዲስ ነርስ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ባለማወቅ አይደለም። ያለፈው ተረኛ የጻፈውን ሳያጣራ ስለሚገለብጥ ነው። አንዱ ዜሮ ከጨመረ ዜሮዋ ከተረኛ ወደ ተረኛ ትተላለፋለች። መኪና ያላቸው ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። ጎማ ሊገዙ ሲሄዱ አሮጌው ጎማ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። አሮጌውን ማን አደረገው? የቀድሞው ባለቤት። እሱስ ከየት አመጣው? ገበያ ላይ የተገኘው እሱ ስለነበር ይሆናል። የታዘዘው ያለው በሩ ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር የጎማ ልክ ለእኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። አንዴ በሕይወቴ አይቼዋለሁ፤ መሐል ሜዳ ላይ ያ ወጣት «40 አልብሳችኋታል» ሲል የመጣብኝም እሱ ነው።

1991 ዓ.ም. ክረምት ላይ በግሼ በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ የሆነ እናት በወሳንሳ አመጡልን። የበኩር ልጇ ነው፤ መውለድ አልቻለችም፤ ወደ ደብረ ብርሃን መድረስ አለባት። መኪናችን ላንድክሩዘር ነበረች፤ ባለ ካላማዳሪያ፣ 7.50 አር 16 ጎማ የምታደርግ። በዚያ በድሮው አጻጻፍ 7.50 የጎማው ወርድ በኢንች ነው። ሾፌራችን፣ ጋሼ ነበር የምንለው፣ ትዕግሥተኛና ጥንቁቅ ሰው ነው። በሌሊት በዝናብ ወጣን። መንገድ ላይ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ወረደ፤ ጋሼ ባትሪ አብርቶ ሲያየው ዝም አለ። 7.00 አር 16 ነበር። የሌላ መኪና ነው። ቸርኬው አንድ ስለሆነ ይገባል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ያጥራል። ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሌላ ስላልነበረ አሰረው።

ጭቃው አቀበት ላይ ሲደርስ በአራቱም ጎማ እንዲጎትት ማርሹን አስገባ። ወጣልን። ከአቀበቱ በላይ ግን መንገዱ ጠንካራ ድንጋይ ነበር፤ እዚያ ላይ መኪናዋ አንቆ እንደያዛት ሰው ቆመች። ያኔ ጋሼ የነገረኝን አሁን በደንብ ይገባኛል። በአራቱም ጎማ ስትጎትት የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። አንዱ ጎማ ካነሰ ግን እኩል መንገድ ለመሄድ የበለጠ መዞር አለበት። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይበርዳል፤ ድንጋይ ላይ ማምለጫ የለም፣ ዘንጎቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ። ማርሹን ቢስብ ቢስብ አልወጣ አለው። ወደ ኋላ እየነዳ፣ እየቆመ፣ እየሳበ፣ በዝናብ ውስጥ ብዙ ታገለ። ከጎማው ቅያሪ ጋር ሁለት ሰዓት ሄደብን። እኔ ከኋላ የሴትየዋን እጅ ይዤ የልጁን ልብ እያዳመጥኩ ነበር። በመጀመሪያ ይሰማ ነበር።

እናትየዋ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ጎማው ገደለው አልልም፤ ከቀበሌዋ ተነሥታ እኛ ዘንድ እስክትደርስ ከዚያ የበለጠ ሰዓት በወሳንሳ ላይ ጠፍቷል፤ ከዚያም በፊት ቤቷ ውስጥ። ሁለቱ ሰዓት ግን የጎማው ነው። ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ሁሉ፣ ሥራዬ አይደለም እየተባልኩም ቢሆን፣ የአምቡላንስ ስኮርታ ቁጥር ከአራቱ ጋር አንድ መሆኑን አይ ነበር። ታዲያ የልጄን መኪና ለምን አላየሁም? የራስ ሰው ሲሆን አይታይም መሰለኝ።

ወደ መሐል ሜዳ ልመለስ። ጎሚስታው ዘንድ 165/70 አር 14 አልነበረም። እሱ ግን 175/65 አር 14 ቢገኝ እንደሚሆን ነገረን። ደመርኩት፤ 583.1 ሚሊሜትር፣ ከትክክለኛው በሦስት ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ያንሳል፤ ክብደት የሚችልበት ቁጥርም 82 ስለሆነ ከሚፈለገው 81 በታች አይወርድም። ወርዱ ሲጨምር የጎኑ መቶኛ መቀነሱን አስተውሉ፤ ቁመቱን ያቻቻለው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ወዳለ አንድ ጎማ ሻጭ ደውለን አራት ጎማ በማግስቱ አውቶቡስ እንዲልክልን ተስማማን። እስከዚያ ድረስ ቪትዟ ባዶዋን ቆመች፤ እኛም ዱቄቱን በሰው መኪና አስጭነን ተዝካሩን አወጣን።

ልጄ በስልክ ሲነጋገር «አዲስ ነው፣ የ2011 ምርት ነው» ብለውት ነበር። ገና 2012 ጥር ላይ ነንና የአምናው መሆኑ ነው፤ ደስ አለን። ጎማዎቹ ሲመጡ መነጽሬን አደረግኩ። ክትባት ስቀበል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የሚያበቃበትን ቀን ሳላይ የፈረምኩት ካርቶን የለም። ጎማ ላይ «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ፣ በመጨረሻ ላይ፣ አራት አኃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዓመቱን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የእኛዎቹ «2411» ይላሉ። በሃያ አራተኛው ሳምንት፣ በ2011። እርግጥ ነው፣ 2011 ይላል። ግን የፈረንጆች 2011 ነው! በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2003 ማለት ነው። የአምና የተባለው ጎማ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ጎኑን ጫን አድርጌ ስለጥጠው እንደ ደረቀ ተረከዝ ስንጥቅጥቅ ያለ መስመር ታየኝ። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ በተለይ ከሱቅ በር ላይ ለፀሐይ ተሰጥቶ ከከረመ። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲወጣ ይመክራሉ።

ሻጩ አታላይ ነው ማለት አልችልም። ምናልባት እሱም እንደኛው አንብቦት ይሆናል። ሁለት አቆጣጠር ባለበት አገር ይህ ስሕተት ሰባትና ስምንት ዓመት በነፃ ይደብቃል፤ መድኃኒት ቤት ውስጥም ስንት ጊዜ ገጥሞኛል። ደወልንለት፤ ትንሽ ተከራክሮ ለወጠልን። ሁለተኛዎቹ ሲመጡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ።

ጎሚስታው አራቱንም አሰረ፤ ነፋሱንም በሩ ላይ እንደተጻፈው ሞላ። የእኛ ላይ 220 ኪሎ ፓስካል ይላል፣ በእሱ መለኪያ 32 ፒ.ኤስ.አይ ያህል። ልጄ «ለጭነቱ 40 አድርግልን» ሲለው «ጠጠር ሲል ጥርሱ መሐሉን ብቻ ይበላዋል፣ ድንጋይ ላይም ቶሎ ይሰነጠቃል» ብሎ እምቢ አለው። ስኮርታዋንም አየልን። ቀጭኗ፣ ለጊዜው የምትባለዋ ዓይነት ናት፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳትነዳ ራሷ ላይ ተጽፎባታል። «በሷ ጎሚስታ ድረስ ሂዱ እንጂ አዲስ አበባ እንዳትገቡ» አለን። በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። ሁለት ጎማ ብቻ ለሚገዛ ሰው አዲሶቹን ከፊት አድርግ ይላል። ከኋላ ይሁኑ የሚሉት አምራቾች ናቸው፤ የኋላው ካመለጠ መኪናዋ ስለምትዞር። እሱ ግን «እዚህ አገር የሚጎትተው የፊቱ ነው» ብሎ ጸና። ለማንኛውም በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን እንዳለባቸው ተስማምተናል።

ባለቤቴ የመርሐቤቴ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት ለፋሲካ በለሚ አድርገን ወደ ዓለም ከተማ ልንወርድ አሰብን። በዚያ መንገድ ከደጋው አፋፍ እስከ ጀማ ወንዝ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ጠዋት በብርድ የተነሣችሁ ከታች ስትደርሱ ሹራብ ታወልቃላችሁ። ፍሬኑም ጎማውም ይግላል። ነፋስ የጎደለበትና ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ባለቤቴ ከዚያ በፊት ስለ ጎማ ጠይቆ አያውቅም ነበር። ከመነሣታችን በፊት ማታ ላይ በባትሪ በሩን ከፍቶ ወረቀቷን ሲያነብ አገኘሁት። ጉዞው በኮሮና ምክንያት ቀረ እንጂ።

ቪትዟ ዛሬም አለች። አሮጌዎቹን 185ዎች ልጄ ልካቸው ለሆነች መኪና በዝቅተኛ ዋጋ ሸጣቸው። በቀኝ በኩል የፊት ፓራፋንጎው ውስጥ ላስቲክ የፋቀው ቦታ እንደ ጠባሳ ተቀርጾ ቀርቷል፤ የልጅ ልጄ በገባች ቁጥር ጎንበስ ብላ ጣቷን ታስገባበታለች።